ማክስ ሄርዝ ፓሻ፦ የካይሮን ጥንታዊ መስጂዶች ያደሱ ሀንጋሪያዊ አርክቴክት

በካይሮ ምሽግ ግርጌ ሁለት ግዙፍ መስጂዶች ጎን ለጎን ቆመዋል። የሱልጣን ሐሰን መስጂድ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በመምሉኮች የተገነባ ነው። የአር-ሪፋዒ መስጂድ ግን የእርሱ እኩያ ቢመስልም የተጠናቀቀው በ1911 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያስፈጸሙት ማክስ ሄርዝ ናቸው።

ሄርዝ በ1856 በሀንጋሪ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በቡዳፔስትና በቪየና ተምረው በ1880 ወደ ግብጽ ተጓዙ፤ ብዙም ሳይቆዩ በአውቃፍ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1881 የጥንታዊ ቅርሶች ጥበቃ ኮሚቴ ሲቋቋም በዚያ አገለገሉ፤ ከ1890 ጀምሮም ዋና አርክቴክቱ ሆኑ። የሱልጣን በርቁቅንና የሱልጣን ሐሰንን መስጂዶች አሳደሱ፤ ስለ ሁለተኛውም በ1899 መጽሐፍ አሳተሙ። ዛሬ የኢስላማዊ ጥበብ ሙዚየም የሚባለውንም መርተዋል።

የአር-ሪፋዒን ግንባታ በ1869 ያስጀመሩት የኸዲቭ ኢስማዒል እናት ኹሽያር ሃኒም ሲሆኑ፣ ሥራው ለሩብ ክፍለ ዘመን ገደማ ተቋርጦ ነበር። በኸዲቭ ዐባስ ሒልሚ ዘመን ሄርዝ ተረክበው በመምሉኮች የአሠራር ስልት ፈጸሙት። የቀደመ ዘመንን ስልት በአዲስ ሕንጻ የሚመልሰው ይህ አካሄድ ሂስቶሪሲዝም ይባላል።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሀገራቸው የብሪታኒያ ጠላት ነበረችና ከግብጽ ተባረሩ። በ1919 በዙሪክ አረፉ።

ከአቦምሳ እስከ አዳማ፣ ነባር መስጂዶቻችንን ለማስፋት ስንመክር የእኚህ ሰው ሥራ ይጠቅመናል። አፍርሶ መሥራት ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ ለክቶ፣ መዝግቦና ጠግኖ ለልጅ ልጅ ማቆየትም ይቻላል።