የዳቦ ነፃነትና የአየርላንድ ረሃብ

ሊበራሊዝም ሲባል ለብዙዎቻችን ትርጉሙ «መንግሥት ከገበያ እጁን ያውጣ» ነው። ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ጥያቄ የሆነው በዳቦ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1815 የወጣው የእህል ሕግ የውጭ ስንዴን እያገደ ባለርስቱን ሲያበለጽግ፣ ሪቻርድ ኮብደንና ጆን ብራይት ማንቸስተር ላይ ዘመቱበት፤ በ1846 ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል ሕጉን ሻሩት። (ፒል ወግ አጥባቂ ነበሩ፤ ፓርቲያቸውም በዚሁ ጉዳይ ተሰነጠቀ።)

በዚያው ጊዜ ግን የአየርላንድን ድንች በሽታ መትቶት ነበር። ፒል በ1845 ከአሜሪካ በቆሎ በምስጢር አስገዝተዋል። የተካቸው የጆን ረስል መንግሥት ግን ነፃ ንግድን አጥብቆ የያዘ ስለነበር ምግቡን ነጋዴ ያቅርብ አለ። ነጋዴ የሚሰማው ገንዘብ የያዘውን ነው። ጭሰኛው አጃውን ለመሬት ኪራይ ሸጦ የሚኖረው በድንች ነበር፤ ድንቹ ሲበሰብስ በምን ይግዛ? አጃው ግን ወደ እንግሊዝ መጫኑን አላቆመም።

በ1847 መንግሥት ሾርባ ማደል ጀመረ፤ በሐምሌ ወር በቀን ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ተመገበ። መቻሉ እንግዲህ ታየ። እህል የሚያግድ መንግሥትና የተራበ የሚያበላ መንግሥት አንድ አይደሉም፤ የለንደን ሹማምንት ግን ይህን አልለዩም ባይ ነኝ። የሾርባ ቤቶቹ በዚያው ዓመት ተዘጉ። ረሃቡ ግን ቀጠለ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ የማያንስም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ።