ቀለህ

አራዳ ጊዮርጊስ ስር ማኪያቶ ይዤ ስቀመጥ የድሮው ገበያ ይታየኛል። ጣሊያን ወደ መርካቶ ሳያዛውረው በፊት፣ እዚህ ጥይትም እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር። በአንዷ ወይ እህል ትገዛለህ፣ ወይ ትተኩሳለህ።

ታዋቂው የውጅግራ ነው፤ የፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ»፣ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 11 ሚሊሜትር። ባዶው ቀለህም አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ሞልተው መልሰው ይተኩሱታል።

ችግሩ፣ ናስ በተተኮሰና በተሞላ ቁጥር ይደርቅና አንገቱ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አንገቱን ማጋል ነው። ብረት ግሎ ውሃ ሲገባ ይጠነክራል፤ ናስ ግን ይለሰልሳል። ቂጡ ከጋለ ግን አለቀ፤ ግፊቱን አይችልም፣ ተኳሹን ይጎዳል።

ዛሬ እንጦጦ ላይ ሴቶች ከቀለጠ ቀለህ የአንገት ጌጥ ይሠራሉ። እሳቱ ያው ነው። እኔ ግን ደስ የሚለኝ፣ አሁን ቀለሁ እህል ሲገዛ የሚተኮስ ነገር አለመኖሩ ነው።