ሊጥ የመሰለችው ነገር፦ ትንሽ የመኪና ቀለም ታሪክ

ሰሞኑን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አንድ ወንድማችን ኮፈኑ ላይ የተረጨበትን የግድግዳ ቀለም በምላጭ ሊፍቅ ሲል ለጥቂት አስቆምነው። ወገኖቼ፣ ይሄ ጣጣ የመቶ ዓመት ታሪክ አለው።

ድሮ መኪና እንደ ሠረገላ በብሩሽ ቫርኒሽ ይቀባ ነበር፤ ተቀብቶና ደርቆ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጃል። በ1923 (በፈረንጅ ነው) ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ መኪኖቹን ዱኮ በሚባል የዱፖንት ቀለም ቀባ። ዱኮ ይረጫል፤ በሰዓታት ይደርቃል። የሚረጭ ነገር ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል፣ የጎረቤት መኪና ላይ ያርፋል! ያኔ መፍትሔው ፈግፍጎ ማንሳት ነበር። ቀለሙ ራሱ የሚያበራው ተፈግፍጎ ስለነበር ብዙም ጉዳት አልነበረውም።

ነገሩ የከበደው በ1980ዎቹ ክሊር ኮት ሲስፋፋ ነው። ከቀለሙ በላይ ያለችው ያቺ መስታወት መሳይ ሽፋን ከፀጉር ክር ትሳሳለች። አንዴ ከተላጠች ጉዞ ወደ ቀለም ቀቢ ነው፤ የሳምንቱ ገቢ ደህና ሰንብት።

ጃፓኖች ግን ሊጥ የመሰለ ነገር፣ ክሌይ የሚሉትን፣ ሠሩ፤ ታዳኦ ካዳቴ የሚባል ሰው በ1995 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አወጣበት። የሳሙና ውሃ እየረጫችሁ ሳትጫኑ ስታንሸራትቱት፣ ለስላሳውን ትቶ ጎላ ብሎ የተጣበቀውን ብናኝ ብቻ ይዞ ይነሳል። የወፍ ኩስና የአሲድ ዝናብ ግን ሽፋኑን በልተው ስለሚገቡ ክሌይ አያነሳቸውም፤ ጠልቀው ካልገቡ ፖሊሽ ይሞከራል። ክሌዩ መሬት ከወደቀባችሁ ደግሞ ለቅማችሁ አትመልሱት፣ ጣሉት፤ የያዘው አሸዋ ከምላጩ አይሻልም።