ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር፦ የአንዲት የእጅ መሣሪያ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ የታሪክ መጻሕፍት የማያነሷት፣ በቴክኒሻን ቦርሳ ውስጥ የምትገኝ አነስተኛ መሣሪያ ናት። በሁለት ሽቦዎች የተለካ የኤሌክትሪክ ጅረት ትልካለች፤ ተግባሯም በፋብሪካ ውስጥ ያለን መለኪያ ተክታ መናገር ነው። ታንኩ ባዶ ሆኖ ሳለ እርሷ 12 ሚሊአምፔር ስትልክ፣ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው ሰሌዳ 50 በመቶ ያሳያል። ጠቃሚነቷም አደጋዋም የሚመነጨው ከዚሁ ማስመሰል ነው።

ነገሩን ከአየር እንጀምር። ከኤሌክትሮኒክስ በፊት የሙቀት፣ የግፊትና የፍሰት ልኬት ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ይደርስ የነበረው በቀጭን ቱቦ ውስጥ በታመቀ አየር ነበር። 3 ፒኤስአይ ዝቅተኛውን ልኬት፣ 15 ፒኤስአይ ከፍተኛውን ይወክላል። ዝቅተኛው ስለ ምን ዜሮ አልሆነም? ዜሮ ቢሆን ኖሮ «ልኬቱ ዜሮ ነው» የሚለውን መልእክት «ቱቦው ተበጥሷል» ከሚለው መለየት ባልተቻለ ነበር። በእኔ እይታ በዚህ ሙያ ታሪክ ከዚህ የላቀ ሐሳብ ብዙ አይገኝም፤ ባዶነትና ዝምታ አንድ እንዳልሆኑ የተረዱ ሰዎች ሥራ ነው።

አየር ግን በረጅም ቱቦ ውስጥ ይዘገያል። በኤሌክትሪክ ሲተካ አምራቾች በአንድ ልክ አልተስማሙም፤ አንዱ ከ10 እስከ 50 ሚሊአምፔር፣ ሌላው ከ4 እስከ 20 ይጠቀም ነበር። በመጨረሻ የአሜሪካው የመሣሪያዎች ማኅበር፣ አይኤስኤ፣ ባወጣው ደረጃ ከ4 እስከ 20 ያለው ጸና። ምጣኔውን ልብ በሉ፤ እንደ አየሩ ሁሉ አንድ ለአምስት ነው። ቮልቴጅ በረጅም ሽቦ ላይ ይቀንሳል፤ ጅረት ግን በአንድ መስመር ውስጥ የትም ቦታ ቢለካ ያው ነው። 4 ሚሊአምፔሩም ለትራንስሚተሩ ራሱ ምግብ ሆነው፤ ኃይሉም ወሬውም በእነዚያው ሁለት ሽቦዎች መጓዝ ቻሉ።

ቋንቋው አንድ ሲሆን አስመሳዩም አንድ ሊሆን ቻለ። ለሙቀትም፣ ለግፊትም፣ ለታንክ ከፍታም ያችው አንዲት ሳጥን በቃች። ቴክኒሻኑ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 እያለ ይልካል፤ ባልደረባው ከመቆጣጠሪያ ክፍል 0፣ 25፣ 50፣ 75፣ 100 እያለ በሬዲዮ ይመልስለታል።

በወጣትነቴ ለልምምድ በተላክሁበት አንድ ፋብሪካ የአንድን ቦይለር የሙቀት መስመር በዚሁ መንገድ ፈተሽኩ። አምስቱም ነጥቦች ልክ ነበሩ፤ ቅጹ ላይ ፈረምኩ። ከቀናት በኋላ ሴንሰሩ ራሱ ተበላሽቶ ከእውነቱ በታች ሲያነብብ እንደ ነበር ታወቀ። እኔ የፈተሽኩት ሽቦውንና ሰሌዳውን ነበር፤ ቦይለሩን አልጠየቅሁትም። ያን ፊርማ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የእኔ ስሕተት ሰው አልጎዳም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2005 በቴክሳስ ሲቲ ነዳጅ ማጣሪያ የሆነው ግን ሌላ ነው። አንድ ማማ እንደገና ሥራ ሲጀምር በፈሳሽ ከልክ በላይ ይሞላ ነበር፤ የከፍታ መለኪያው ግን ከ100 በመቶ በታች፣ ያውም ቀስ በቀስ እየወረደ ያሳይ ነበር። የተበጠሰ ሽቦ የሚያጋልጠው ያ ብልሃት እዚህ የሚይዘው ነገር አልነበረም፤ መለኪያው ዝም አላለም፣ ሐሰት ተናገረ እንጂ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ 180 ቆሰሉ። የአሜሪካ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ መለኪያው የተስተካከለው ጊዜው ባለፈበት የመረጃ ቅጽ፣ ምናልባትም እ.ኤ.አ. በ1975ቱ፣ እንደ ነበር ደረሰበት። ይህ እኔን ያስደነግጠኛል።

በላቦራቶሪያችን የመፈተሻ ቅጽ ላይ ከአምስቱ ነጥቦች በላይ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ መለኪያው ራሱ መቼ፣ በምን ፈሳሽ፣ በምን ሙቀት እንደ ተፈተነ ይጠይቃል። ብዙዎቻችሁ ባዶ ትተዉታላችሁ።