ስሙ ወደ ሲኒው አይመለስም

ይኸውላችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ነገሩ የሆነው እዚሁ መስቀል ፍላወር፣ ስሙን ከሆቴሉ በወረሰው ሰፈራችን ነው። የባለታሪኩን ስም አልጠራም፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚለኝ ልጅ ነው። ሹፌር ነው፤ በሰው ቪትዝ ይሠራል። የራሱን መኪና ለመግዛት ከዕለት ገቢው እየቆነጠረ ያስቀምጥ ነበር።

እኛ ደግሞ እቁብ አለን። አሥራ ሁለት ነን፤ በወር 5,000 ብር እንጥላለን፣ ዕጣ የወጣለት 60,000 ብር ያነሳል። ዳኛችን ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርችረው ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። ስሞቻችን በቁራጭ ወረቀት ተጽፈው፣ ተጠቅልለው ሲኒ ውስጥ ይገባሉ። እማማ ሲኒውን በመዳፋቸው ከድነው ይነቀንቁታል፤ አንድ ሕፃን እጁን ሰድዶ አንዷን ያወጣል። የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ፣ ፈርሞ ብሩን ይወስዳል። ስሙ ያለባት ወረቀት ግን ወደ ሲኒው አትመለስም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በስምንተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ልጁ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ አመሸሁብዎት። የዚህን ወር እቁብ ለኔ ያድርጉልኝ። እማማን ያነጋግሩልኝ፤ እርስዎን አይነፍጉዎትም።»

«ምን ገጠመህ? ሰው ታመመ?»

«የታመመ የለም። 25,600 ብር ብቻ ነው የምፈልገው። ነገ ጠዋት እመልሳለሁ።»

እጁን አየሁት። ስልኩን ጨብጦታል፤ አውራ ጣቱ መስታወቱን ሳያቋርጥ ያሻሻል። ገብቶ እንዲቀመጥ ነገርኩት። ውሃ ሰጠሁት፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከዚያ ተናገረ።

ቤቲንግ ጀምሮ ኖሯል። መጀመሪያ በሩ ላይ «ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ከተጻፈበት ቤት እየገባ፣ ቲኬት እያስቆረጠ። ኋላ በስልኩ። ዕድል መሞከር ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም፤ ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ አዟሪዎቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የሎተሪ ዕጣ ግን እስኪወጣ ቀን ይቆጠራል፤ በመሀል ሰው ይሠራል፣ ይተኛል፣ ይረሳል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡም ጨዋታውም አንድ ኪስ ውስጥ ገቡ። ልጁ ተሳፋሪ እስኪወርድ ድረስ እንኳ አይጠብቅም ነበር።

የዚያን ሰሞን ዘዴ አገኘሁ አለ። ኦዱ፣ ማለትም ከገባ ያስያዙት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር፣ ሁለት የሆነ ጨዋታ ላይ 100 ብር ያስይዛል፤ ከተበላ 200፣ ከተበላ 400፣ እንዲህ እያለ ያጥፋል። አንዴ ከገባለት የተበላው ሁሉ ይመለሳል፤ ዘዴው ይኸው ነው።

«ስምንት ጊዜ በተከታታይ ተቃጠለብኝ። ዘጠነኛው እንዴት አይገባም ጋሼ? ተራዬ እኮ ደርሷል!»

የእቁቡን ደብተር አመጣሁና በመጨረሻው ገጽ ላይ ቁልቁል ጻፍኩለት። 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1,600፣ 3,200፣ 6,400፣ 12,800። ደመርኩት፤ 25,500 ብር። ከሥሩ ዘጠነኛውን 25,600 ጻፍኩ። «ይህ ቢገባልህ ስንት ይተርፍሃል?» አልኩት። ብዕሩን ተቀብሎኝ ራሱ አሰላው። አሰላና ዝም አለ። መቶ ብር ነው የሚተርፈው። ለመቶ ብር 25,600 ሊያስይዝ፣ እሱንም ከአሥራ አንድ ሰው እጅ ወስዶ!

ያን ጊዜ ከጓዳ የአክስቴ ልጅ ብቅ አለ። ከላስ ቬጋስ ለእረፍት መጥቶ እኔ ዘንድ ነበር ያረፈው። ላስ ቬጋስ ብዙ ሐበሻ አለ፤ ታክሲ የሚነዳው፣ ቁማር ቤት ካርታ የሚያድለው፣ ምግብ ቤት የከፈተው። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የበዛበትን ሰፈር አስተዳደሩ እንደ ፈረንጆቹ በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። የአክስቴ ልጅ እዚያ ክራፕስ የሚባለው የዳይስ ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ሠርቷል፤ በረጅም ዱላ ዳይሱን ለወርዋሪው የሚገፋው እሱ ነው።

ከልጆቼ የሉዶ ዕቃ ሁለት ዳይስ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ወንድሜ፣ ወርውር» አለው። ልጁ ወረወረ፤ ሦስትና አራት። «ሰባት። የኛ ጨዋታ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ውርወራ ሰባት ወይም አሥራ አንድ ከመጣ በላህ። ሁለት፣ ሦስት ወይም አሥራ ሁለት ከመጣ ተበላህ። ሌላ ቁጥር ከመጣ፣ ያ ቁጥር ሰባት ሳይቀድመው እስኪደገም ትወረውራለህ። ሁለት ዳይስ የሚወድቅበት መንገድ 36 ነው፤ ከነዚያ ስድስቱ ሰባት ይሰጡሃል። አሁን ሰባት መጣ። ቀጥሎ የሚመጣበት ዕድል ቀነሰ?»

«ይቀንሳል እንጂ! አሁን መጣ እኮ።»

የአክስቴ ልጅ ዳይሶቹን አንስቶ መዳፉ ላይ አሳየው። «እስቲ እያቸው። ዓይን አላቸው? ጆሮ አላቸው? ቅድም ምን እንደወጣ ማን ይነግራቸዋል? አሁንም ከ36 ስድስት ነው። መቶ ጊዜ ብትበላም ከ36 ስድስት ነው።»

ከዚያ የሞንቴ ካርሎን ቁማር ቤት ነገር አጫወተን። ነሐሴ 12 ቀን 1905 ዓ.ም. በዚያ ቁማር ቤት የሩሌቷ ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች። ከአሥረኛው፣ ከአሥራ አምስተኛው በኋላ ሰው ተጋፍቶ ቀይ ላይ ገንዘቡን ከመረ፤ ቀዩ ተራው ደርሷል ብሎ። በዚያች ሌሊት ያለቀው ፍራንክ በሚሊዮን ይቆጠራል ይባላል። ኳሷ ተራ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር።

«አሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ ደግሞ በ2009 እንደ ፈረንጆቹ አንዲት ሴት ከአራት ሰዓት በላይ 154 ጊዜ ወረወረች፤ ሰባት ሳያስቆማት። ይህን ታሪክ በኛ ሙያ የማያወራው የለም» አለ። «በዚያው ሳምንት ሰባት ያሰናበታቸውን ሺዎች ግን ማንም አያወራቸውም። እኔ ነኝ የማውቃቸው፤ ፊታቸውን አይቻለሁና። ሰው ሲቀናው እጁ ይሰበሰባል፣ ያገኘውን ይሰስተዋል። ሲበሉት ነው እጁ የሚፈታው። ያንተን ዓይን እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ስንት ሌሊት አይቼዋለሁ።»

«ክራፕስ ከቁማር ሁሉ ርኅሩኅ ይባላል» ብሎ ቀጠለ፤ «በዋናው ውርርድ ቤቱ በአማካይ ከመቶው 1.41 ብቻ ነው የሚያስቀረው። ግን በዚያች ትንሽ ነገር ነው ያ ሁሉ መብራት የሚበራው። ያንተ ቤቲንግስ? እኩል ለእኩል በሆነ ጨዋታ ኦዱን 1.85 ካደረገው ከመቶው 7.50 ወሰደ። አሥር ጨዋታ በአንድ ቲኬት ከገጣጠምክ፣ አሥሩም የሚገቡበት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። የ10 ብር ቲኬት ቢሠምር 10,240 ብር ሊከፈልህ ይገባ ነበር፤ የሚደርስህ ወደ 4,700 ገደማ ነው። ከግማሽ በላዩ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ሄዷል።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ታዲያ የተበላሁትን እንዴት ላስመልስ?» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

ልብ በሉልኝ። በቁማር ያሸነፈ «በላ»፣ የተሸነፈ «ተበላ» እንላለን። የተበላ ሰው ምኞቱ አንድ ነው፤ ማስመለስ። በላተኛው የዋጠውን እንዲተፋለት ይፈልጋል። ጨጓራው ግን የሚታወክ አይደለም፤ ለማስመለስ በጨመርንለት ቁጥር ይፈጨዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የአክስቴ ልጅ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ለተከታታይ መበላት መድኃኒቱ እግር ነው፤ ተነስቶ መሄድ። ከጠረጴዛዬ ጤነኛ ሆነው የሄዱት ሰዎች ሦስት ነገር ያውቁ ነበር። የሚያጡትን ልክ ከቤት ሳይወጡ ይቆርጣሉ። ተበልተው መደብ አይጨምሩም። ተበድረው አይጫወቱም። አንተ ሦስቱንም አፍርሰሃል፤ ስለዚህ ላንተ ቀላሉ ጨርሶ መተው ነው። 25,500 ብሩ ሄዷል። ቅበረው፤ ተዝካሩን አታውጣለት።»

እኔም ያን ሌሊት አንድ ነገር በራልኝ። ይህ ልጅ ሞኝ አይደለም። «ተራዬ ደርሷል» የሚለውን ከየት አመጣው? ከኛ ነው ያመጣው! ከእናቱ፣ ከእማማ ሲኒ። እቁብ ውስጥ ያደገ ሰው ዕጣ ማለት ተራ ማለት ነው ብሎ ነው የሚያድገው። በመጀመሪያው ወር ዕድልህ ከ12 አንድ ነው፤ የወጣለት ስም ወደ ሲኒው ስለማይመለስ በቀጣዩ ከ11 አንድ፣ ከዚያ ከ10 አንድ። ስምንት ጊዜ ያለፈው ሰው በእርግጥም ቀርቧል፤ አሥራ አንድ ጊዜ ያለፈው ዕጣው እጁ ላይ ነው። እቁብ ያስታውሳል። ዳይስ አያስታውስም፤ ሁሉም ቁጥር በየውርወራው ተመልሶ ይገባል። ልጁ የእማማን ሲኒ ሕግ ይዞ፣ ማንንም ወደማያስታውስ ቤት ገባ። ትዕግሥቱ፣ እምነቱ፣ ያ ሁሉ መልካም ነገር እዚያ ተበላ።

ይህንኑ ነገርኩት። እቁቡን እንደማላስወጣለትም ነገርኩት። በሲኒው ውስጥ የቀሩት የሌሎችም ስሞች ናቸው፤ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። አላኮረፈም። ስልኩን አውጥቶ መተግበሪያውን ፊታችን አጠፋው። ከማግስቱ ጀምሮ የቀን ገቢውን ማታ ማታ ለእህቱ ማስረከብ ጀመረ፤ የቴሌብሩን የሚስጥር ቁጥርም እሷው ቀየረችው። የእቁቡን 5,000 አንድም ወር አላጓደለም። አንዳንድ ቀን ከሥራ መልስ እኔ ዘንድ ይመጣና ምንም ሳይናገር ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። የጨነቀው ቀን እንደሆነ ስለማውቅ አልጠይቀውም።

ስምንተኛው ወር ለሌላ ወጣ። ዘጠነኛውም፣ አሥረኛውም፣ አሥራ አንደኛውም።

በአሥራ ሁለተኛው ወር እሑድ፣ ሲኒው ውስጥ አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች። የማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ግን ወጋችንን አልዘለሉም፤ ሲኒውን ከድነው ነቀነቁ። ወረቀቷ ብቻዋን ኮሽ ኮሽ አለች። ሕፃኑ እጁን ሰደደና አወጣት፤ እኔ ፈትቼ ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩ። እልልታው ቀለጠ።

ልጁ ፈርሞ ብሩን ተቀበለ። ከዚያ ያቺን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ፣ እንደገና ጠቅልሎ፣ በሸሚዙ ኪስ ከተታት። በሚቀጥለው እሑድ አዲስ ዙር ስንጀምር መጀመሪያ የተመዘገበው እሱ ነው።