ዜና አቢ ኮናንት፥ በሙኒክ ትሮምቦን የነፋችው

በነገሥታት ዜና መዋዕል ነጋሪት ተጎሰመ፥ መለከት ተነፋ፥ እምቢልታ ጮኸ ተብሎ ይጻፋል። የነፊው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ጸሐፊው ዓይኑን ከዙፋኑ አያነሣምና። እኛ ዛሬ የነፊዋን ዜና እንጽፋለን፤ ስሟም አቢ ኮናንት ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እናስቀምጣለን፤ ነገሩ የሆነው በፈረንጅ አገር ነውና።

በ1955 በአሜሪካ፥ በኦክላሆማ ግዛት፥ ፕራየር በምትባል ከተማ ተወለደች። ባደገችም ጊዜ ትሮምቦን ያዘች። ትሮምቦን የናስ መሣሪያ ነው፤ የተጠማዘዘው ቱቦው ቢዘረጋ 2 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ነፊው በቀኝ እጁ ተንሸራታቹን እየገፋና እየሳበ ከሰባት ቦታዎች አንዱን ይይዛል፤ ነገር ግን እዚህ ቁም የሚል ምልክት በናሱ ላይ አልተቀረጸለትም። በዚህስ ከማሲንቆ ጋር ዘመድ ነው፤ የማሲንቆ መቺም ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ የሚነግረው ጆሮው ነውና። ጀርመኖች ይህን መሣሪያ ፖዛውነ ይሉታል። ማርቲን ሉተር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ቋንቋቸው ሲመልስ፥ በመጨረሻው ቀን ሙታንን የሚቀሰቅሰውን መለከት በዚሁ ስም ጠራው። ሞዛርትም በ1791፥ በሞተበት ዓመት በጻፈው ሬኩዊየም በተባለው የሙታን ቅዳሴ ሙዚቃ፥ የትንሣኤው መለከት የሚወሳበት ስፍራ ሲደርስ ሌላው ሁሉ ዝም ይልና አንድ ትሮምቦን ብቻውን ይነፋል። አንባቢ ይህን ያቆይልን፤ ኋላ በፍርድ ቤት ይነሣልና።

ትምህርቷን በአጭሩ እንለፈው። በሚሺጋን በኢንተርሎከን፥ በፊላደልፊያ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ፥ በኒውዮርክ በጁሊያርድ ተማረች። ከዚያም ባሕር ተሻግራ በኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ በቴአትሮ ሬጂዮ ኦርኬስትራ ተቀጥራ ነፋች። ባሏ ዊልያም ኦዝቦርን የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ በኋላ የሚስቱን ሙግት ለዓለም የጻፈው እሱ ነው።

በ1980 የተሻለ ቦታ ፈልጋ ለ11 ኦርኬስትራዎች ማመልከቻ ላከች። አሥሩ ዝም አሉ። አንዱ፥ የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ፥ መጥተህ ተፈተን ብሎ ጻፈላት። ደብዳቤው የተላከው ለኸር አቢ ኮናንት ነበር፤ ኸር ማለት በእኛ አቶ ማለት ነው። እሷም አላረመቻቸውም፤ ትሮምቦኗን ይዛ ሄደች።

በዚያ ወራት ኦርኬስትራው የሚገባበት አዳራሽ፥ ጋስታይግ የሚሉት፥ ገና በመሠራት ላይ ነበር፤ ስለዚህ ፈተናው በዶይቸስ ሙዚየም ሆነ። ተፈታኞቹ 33 ነበሩ። ከእነሱም አንዱ በከተማይቱ ካሉት ኦርኬስትራዎች በአንዱ የሚሠራ የአንድ ሙዚቀኛ ልጅ ነበርና፥ ዘመድ ለዘመድ አደላ እንዳይባል የመጀመሪያውን ዙር በመጋረጃ አደረጉት። በአሜሪካ የቦስተን ሲምፎኒ ከ1952 ጀምሮ በመጋረጃ መፈተን ጀምሮ ነበር፤ በአውሮፓ ግን ይህ ገና እንግዳ ነገር ነበር። በአገራችን በድሮ ዘመን ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀመጠው ንጉሡ ነበር፤ ሕዝቡ ፊቱን አያይም። በሙኒክ ተገለበጠ። ንጉሡ በግልጽ ተቀመጡ፥ ባለጉዳዩ ተሸፈነ።

ንጉሥ ያልናቸው ሰርጂዩ ቼሊቢዳኬ ናቸው። በሮማኒያ በ1912 የተወለዱ፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግሥት የበርሊን ፊልሃርሞኒክን የመሩ፥ በ1979 ደግሞ ሙኒክን የያዙ። ሙዚቃን በሸክላ መቅረጽ ሙዚቃን መግደል ነው ብለው የሚጠሉ፥ ልምምድ የሚያበዙ፥ እርምጃቸውም እጅግ የዘገየ ሰው ነበሩ። በእሳቸው እጅ የብሩክነር ስምንተኛ ሲምፎኒ ከ100 ደቂቃ በላይ ይሄድ ነበር። ታላቅነታቸውን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን መሪ እርምጃውን ባዘገየ ቁጥር የሚከፍለው ነፊው ነው፤ ያው አንድ ድምፅ በረዘመ ትንፋሽ ሊያዝ ነውና። በእሳቸው ፊት ትሮምቦን መንፋት እንደ ሌላው ቦታ አልነበረም።

አቢ ተራዋ 16ኛ ነበር። የፈርዲናንድ ዳቪድን ኮንቸርቲኖ ተጫወተች፤ ይህ በጀርመን ትሮምቦን ነፊ ሁሉ የሚፈተንበት ሥራ ነው። በመካከሉም አንዲት ሶል ተሰነጠቀችባት። አለቀልኝ ብላ ወደ ጓዳ ገባችና ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። ፈታኞቹ ግን ሌላ ነገር ሰምተው ነበር። ቼሊቢዳኬ የምንፈልገው ይኸው ነው ብለው ጮኹ፤ ገና ያልተጫወቱት 17 ተፈታኞችም ወደየቤታቸው ተሰናበቱ። ያን ነፊ አምጡ ተባለ። ኸር ኮናንት ይወጣል ብለው ሲጠብቁ ፍራው ኮናንት ወጣች። በዚያ የነበሩት በባቫሪያ አነጋገር አምላካቸውን እየጠሩ ተደናገጡ። ሁለት ዙር ገና ቀርቶ ነበር፥ ያለ መጋረጃ። ሁለቱንም አለፈች። ዋና ትሮምቦን ሆና ተቀጠረች፤ የሙከራውንም ዓመት ፈጸመች።

በ1981 በግንቦት ወር አስጠሯት። ወደ ሁለተኛ ትሮምቦን ትወርጃለሽ አሏት፤ ምክንያቱን ግን አልነገሯት። አንድ ዓመት ደግሞ ራስሽን አሳዪ ተባለች፤ አሳየችም፤ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ ቼሊቢዳኬ ራሳቸው ነገሩን ገለጡት፤ ለዋናው ትሮምቦን የሚያስፈልገን ወንድ ነው አሏት። ጸሐፊው በዚህ ላይ የሚጨምረው የለም፤ ሰውዬው አልደበቁትም።

እሷም ከሰሰች። ኦርኬስትራው የሙኒክ ከተማ ነውና ሙግቱ ከከተማይቱ ጋር ሆነ። በእኛ አገር በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋቾቹ በዋርካ ሥር ቆመው፥ በትራቸውን ይዘው፥ በቅኔና በእርግማን ይፋጠጡ ነበር፤ ነገሩም በሰው ፊት ያልቅ ነበር። በጀርመን ሙግት በወረቀት ነው። ወረቀቱም፥ ይህች ሴት የትሮምቦኑን ጓድ ለመምራት የሚበቃ የሰውነት ጉልበት የላትም አለ።

ጉልበት ከተባለ ይለካ ተባለ። ከሙኒክ ውጭ በጋውቲንግ ወዳለው የሳንባ ሆስፒታል ተላከች። በመሣሪያ ውስጥ አስተነፈሷት፤ ደሟን ቀድተው ከአየሩ ምን ያህል ኦክስጅን እንደምትወስድ መረመሩ፤ ደረቷን አዩ። ውጤቱ ከመካከለኛው ሰው እጅግ በላይ ሆነ፤ ነርሷም ስፖርተኛ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከተማይቱ ግን አልተረታችም። በሞዛርት ሬኩዊየም ያ ብቸኛ ትሮምቦን ሲነፋ ትንፋሽ እንዳጠራት ጎልቶ ተሰማ የሚል ነገር አቀረበች። ያን ቀን ኦርኬስትራውን በእንግድነት የመራው ሰው ግን ከሁሉ ለይቶ ያመሰገነው እሷን ነበር። እንደገናም በአንድ የትሮምቦን ሊቅ ፊት ትፈተን ተባለ። ከትሮምቦን ሥራዎች ሁሉ እጅግ የከበዱ ሰባት ስፍራዎች ተመረጡላት፤ ነፋቻቸው፤ ሊቁም ምስክርነቱን በምስጋና ሞላው።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የየቀኑ ነገር ነው። የኦርኬስትራ ትሮምቦኖች ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዋናው ከላይ ያለውን ድምፅና ብቸኛውን ስፍራ ይይዛል፥ ሁለተኛው የእሱን ትንፋሽ ተከትሎ ይገባል፥ ሦስተኛው ከታች ያጸናል። አቢ በክርክሩ ዓመታት ሥራዋን አልተወችም። ጠዋት ከዋናው ወንበር ባወረዷት ሰው በትር ሥር ለልምምድ ትቀመጣለች፥ ማታ ከሸንጎ በመጣ ወረቀት ላይ ትቀመጣለች። ትሮምቦን ነፊ መጠበቅ ያውቃል። ቤትሆቨን በ1808 ባሰማው አምስተኛ ሲምፎኒ ትሮምቦኖቹ ሦስቱን ክፍል መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቆዩና በአራተኛው ይነሣሉ። የእሷ ጥበቃ ግን በክፍል የሚቆጠር አልነበረም። በ1985 ጋስታይግ ተመረቀ፤ ኦርኬስትራው በክብር ወደ አዲሱ አዳራሽ ገባ፤ እሷም በሁለተኛው ወንበር ገባች።

በዚያው ዘመን በበርሊን ሌላ ነገር ሆኖ ነበርና እሱንም በጎን እንጻፈው። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ መሪ ኸርበርት ፎን ካራያን ክላሪኔት ነፊዋን ዛቢነ ማየርን መርጠው አመጡ፤ የኦርኬስትራው አባላት ግን ድምፅ ሲሰጡ 73 ሰው እምቢ አለ፥ 4 ሰው እሺ አለ፤ እሷም ሄደች። በበርሊን ንጉሡ ሲፈልጉ ወታደሩ ከለከለ፤ በሙኒክ ጓዶቿ በሙከራው ዓመት ሲያሳልፏት ንጉሡ ከለከሉ። ሴት ነፊ በሁለቱም በር አልቀናትም። በቪየናማ ነገሩ ከዚያም ቆየ፤ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ከ20 ዓመት በላይ በገና የደረደረችለትን ሴት በአባልነት የጻፈው በ1997 ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ፍርዱ ለአቢ ሆነ፤ ወደ ዋናው ወንበር ተመለሰች። ብዙ ሰው የረታችው በሳንባዋ ይመስለዋል። እኔ ግን የሳንባው ነገር በቂ ነበር ብዬ አላምንም፤ ሳንባን የሚያጣጥል ሌላ ወረቀት ሁልጊዜ ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ሊሻር የማይችል ነበር። በ1980 በዶይቸስ ሙዚየም፥ መጋረጃው ባልተገለጠበት ሰዓት፥ የምንፈልገው ይኸው ነው ብሎ የጮኸው አፍ የቼሊቢዳኬ አፍ ነው። ያወረዳት ሰው ራሱ የከሳሽ ምስክር ሆኖ ነበር፥ ሳያውቅ።

ደመወዙስ? ወንበሩን ሰጥተው ደመወዙን ከለከሏት። ከእሷ ጋር እኩል ለሚነፉት ወንዶች የሚከፈለውን ያህል አንከፍልም አሉ። እንደገና ሙግት፥ እንደገና ወረቀት፥ ሌላ አምስት ዓመት። በ1993 ይህንንም ረታች። ከፈተናው እስከዚያ ቀን 13 ዓመት ሆነ።

በዚያን ጊዜም ሙኒክን ለቅቃ፥ በትሮሲንገን ከተማ ባለው የመንግሥት የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የትሮምቦን ፕሮፌሰር ሆና ተሾመች። ከእንግዲህ ብዕራችን አንቱ ይበላቸው፤ መምህርት ሆነዋልና። እስከ አሁን ንጉሡን አንቱ፥ ነፊዋን አንቺ ስንል መምጣታችን የዜና መዋዕል ልማድ ነው፤ ልማዱ ልክ ነው አላልንም።

ትሮሲንገን በደቡብ ጀርመን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዓለም የሚያውቃት በሆነር የአፍ ሃርሞኒካ ነው፤ ፋብሪካው ከ1857 ጀምሮ በዚያ ነበር። ሰው ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እየተነፈሰ የሚጫወተው መሣሪያ በተሠራበት አገር ፕሮፌሰሯ የትሮምቦን ትንፋሽ ሊያስተምሩ ተቀመጡ። ትሮምቦን የሚማር ሰው ዜማ ከመያዙ በፊት ረጅም ድምፅ ይይዛል፤ አንዱን ድምፅ በቀስታ አንሥቶ፥ ሳይናወጥ አቆይቶ፥ ሳይሰበር ያሳርፋል። ከዚያ የተንሸራታቹን ሰባት ቦታ ክንዱ እስኪያውቀው ድረስ ይመላለስበታል። መምህሩ አብሮ ይተነፍሳል፤ ሌላ መንገድ የለውም። ትንፋሽ ያጥራታል ተብሎ በሸንጎ የተጻፈባቸው ሴት ለልጆች ትንፋሽ እንዲሰጡ መንግሥት ደመወዝ ቆረጠላቸው፥ ያውም የፕሮፌሰር።

ቼሊቢዳኬ በ1996 በፈረንሳይ ሞቱ። በሕይወታቸው የጠሉት ቅጂ ከሞቱ በኋላ በብዛት ወጣ፤ ዛሬ የሙኒክን ዓመታት የሚሻ ሰው በሳጥን ይገዛቸዋል። የንጉሥ ዜና በንጉሡ ሞት ይፈጸማል፤ የእኛ ግን ስለ ነፊዋ ነውና ጥቂት ይቀረዋል።

ፕሮፌሰር አቢ ኮናንት በሙግቱ ዘመንም ከዚያም በኋላ ከባላቸው ጋር የሙዚቃ ቴአትር ይሠሩ ነበር። ኦዝቦርን ይጽፋል፥ እሳቸው ይጫወታሉ። ከሥራዎቹ አንዱ ሚርያም ይባላል፤ በአውሮፓም በአሜሪካም ታይቷል። በዚያ መድረክ ላይ አንዲት ሴት ትዘፍናለች፥ ትተውናለች፥ ትሮምቦንም ታነሣለች። በትር ይዞ ከፊቷ የሚቆም መሪ የለም።