ግልጽ ትእዛዝና የጋራ መግባባት፤ ከ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ የሚገኝ ትምህርት

በሰሜን ጎንደር ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ የምትገኘው አዲ አርቃይ፣ ከጎንደር ተነሥቶ ተከዜን በመሻገር ወደ ትግራይ በሚዘልቀው የጥንት መንገድ ላይ ያለች ናት። በዚህ መንገድ ነጋዴው፣ መነኩሴው፣ ወታደሩና የመንግሥት መልእክተኛው ለብዙ ዘመናት ተመላልሰዋል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ከመናገሻው ከተማ የወጣ ቃል እንዲህ ወዳለው ሩቅ አገር የሚደርሰው በእግረኛና በፈረሰኛ በነበረበት ዘመን፣ አንድ መሪ ከሕዝቡ የሚጠብቀውን ነገር ቆይቶ ለማብራራት የነበረው ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ትእዛዙ ገና ሲነገር የተሟላ መሆን ነበረበት።

ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ ነው። አዋጁ አጭር ቢሆንም አራት ነገሮችን አሟልቶ ይዟል። አንደኛ፣ ምክንያቱን ይገልጻል፤ ይኸውም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ጠላት አገርንና ሃይማኖትን ለማጥፋት መነሣቱን ነው። ሁለተኛ፣ ግዴታን በአቅም ይደለድላል፤ ጉልበት ያለው እንዲዘምት፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ በኀዘኑ እንዲረዳ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ እየቻለ በቀረ ሰው ላይ የሚደርሰውን ቅጣት ያስታውቃል። አራተኛ፣ ጊዜንና ቦታን ይወስናል፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ያዛል።

ትእዛዙ ለሁሉም አንድ ዐይነት አልነበረም። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የዘመኑ ታሪክ እንደተመለከተው፣ የጎጃም፣ የደምቢያ፣ የቋራና የበጌምድር ሰው አሸንጌ ላይ፣ የሰሜን፣ የወልቃይትና የጠገዴ ሰው ደግሞ መቀሌ ላይ እንዲገናኝ ተወስኖ ነበር። ከዚህ አደላደል የምንረዳው፣ የሰሜን ሰው ወደ ደቡብ ወርዶ ወረኢሉ ከገባ በኋላ በመጣበት አቅጣጫ መልሶ እንዲዘምት አለመጠየቁን ነው። ዓላማው አንድ ሆኖ ሳለ ከእያንዳንዱ የሚጠበቀው ሥራ በየአገሩ ርቀትና አቀማመጥ ተለክቶ ተሰጠ። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በዚያው ወር ወረኢሉ ደረሱ። መሪው ለሌላው የቆረጠውን ቀን በራሱም ላይ ማጽናቱ ለቃሉ ክብደት ሰጥቶታል። መቶ ሺሕ ያህል የሚገመተው ሠራዊት ከብዙ አገር ተውጣጥቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በአንድነት ለመቆም የበቃው በዚህ ዐይነት ነው።

በዚያው ዕለት በተቃራኒው ወገን የታየው ሁኔታ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ጄኔራል ባራቲየሪ የካቲት 22 ቀን ለጦር አዛዦቹ የሰጠው ትእዛዝ ከአንድ ንድፍ ካርታ ጋር የተያያዘ ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ነገር ግን በካርታው ላይ በዚህ ስም የተመለከተው ኮረብታና የአገሬው ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ኮረብታ የተለያዩ ነበሩ። አልቤርቶኔ በሌሊት ተጉዞ በካርታው ላይ ከተመለከተው ቦታ ከደረሰ በኋላ፣ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት መሆኑን ከመንገድ መሪዎቹ ሰምቶ ገሠገሠ። ጎህ ሲቀድ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ብቻውን ተጋጠመና ተማረከ። ጥፋቱ የማን እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም፣ አዛዡና ታዛዡ በአንድ ስም ሁለት ቦታ ያስቡ እንደነበር ግን የታወቀ ነው።

ይህ ሲባል አዋጁ በሁሉም ረገድ አርአያ ይሁን ማለት አይደለም። ቅጣትን መሠረት ያደረገ ትእዛዝ ለጦርነት ጊዜ ቢያገለግልም፣ ለትምህርት ሥራ የሚስማማ አይደለም። ደግሞም ግልጽ ቃል ስንቅን አይተካም። አገሩ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከቆየው ክፉ ቀን ገና ማገገሙ ስለነበረ፣ በየካቲት መጨረሻ የሠራዊቱ ስንቅ እየመነመነ ሄዶ ነበር። የሚጠበቅበትን ሥራ በሚገባ ያወቀ ሰው እንኳ መሣሪያና ቀለብ ከሌለው ብዙ ሊቆም አይችልም።

ከዚህ ታሪክ የትምህርት ዕቅድ አውጪውና የትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ የሚቀስሙት ቁም ነገር አለ። ለምሳሌ ያህል፣ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ተማሪዎች ቁጥር እንዲቀነስ የሚያዝ አንድ መመሪያ ወደ ወረዳዎች ተላለፈ እንበል። አንዱ ርእሰ መምህር በጥቅምትና በኅዳር ለአጨዳ የቀረውን ልጅ «ያቋረጠ» ብሎ ሲመዘግብ፣ ሌላው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልተመለሰውን ብቻ ቢቆጥር፣ ሁለቱም ታማኝ ሠራተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ሊደመር አይችልም። ይህ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ስሕተት በመዝገብ ላይ ሲደገም ነው። ጉዳቱም በወረቀት ላይ ተወስኖ አይቀርም። ከአጨዳ በኋላ ሊመለስ የሚችለው ልጅ ከስም ዝርዝር ተሰርዞ ሊቀር፣ ፈጽሞ የራቀውም ፈላጊ ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ መመሪያ ከመተላለፉ በፊት ምክንያቱ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ፣ የሚፈጸምበት ጊዜና የሚለካበት መንገድ ተለይቶ መጻፉ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውም መሟላቱ መረጋገጥ ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ፣ ተቀባዩ የተረዳውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲገልጽ ማድረግ ተገቢ ነው። የመመሪያ ግልጽነት የሚመዘነው በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን፣ ከሊማሊሞ ማዶ ያለው መምህር አንብቦ በሚፈጽመው ሥራ ነውና።